አረንጓዴ ድንጋይ ሁሉ መዳብ አይደለም

ከትግራይ በተነሱ የድንጋይ ፎቶዎች ስር «አረንጓዴ ከሆነ መዳብ አለው» የሚል አስተያየት በዝቷል። ይቅርታ አድርጉልኝና ስህተት ነው።

ከእነዚህ አረንጓዴ ድንጋዮች ብዙዎቹ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ባዛልት ጥቁር ነበሩ። በኋላ ምድር ተጋፍታ ተራራ ሲቆም ወደ ጥልቁ ወረዱ። እዚያ ሙቀትና ትኩስ ውሃ አገኛቸው። የድሮ ማዕድናቸው ፈርሶ ክሎራይት፣ ኤፒዶትና አክቲኖላይት ወደሚባሉ አዳዲስ ማዕድናት ተለወጠ። አረንጓዴው የእነሱ ቀለም ነው፤ ምንጩም በውስጣቸው ያለው ብረት እንጂ መዳብ አይደለም። በዚህ ሂደት ሶዲየምና ፖታሲየም በቀላሉ ታጥበው ይሄዳሉ። ታይታኒየምና ዚርኮኒየም ግን ብዙም አይነቃነቁም፤ ተመራማሪዎች የድንጋዩን የትውልድ ታሪክ የሚያነቡት ከእነሱ ነው። እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

በአካባቢው መዳብ የለም አላልኩም፣ አለ። ግን ቀለም አይቶ ብቻ ለቁፋሮ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሊከስር ይችላል።

ለማጣራት የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጋችሁ ድንጋዩን በመዶሻ ስበሩት። ውስጡም እኩል ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ክሎራይትን ጠርጥሩ። ማላካይት የሚባለው የመዳብ ማዕድን ደማቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ ላይ እንደ ቀለም ቅብ ተለጥፎ ይታያል። ቁርጡን የሚናገረው ግን የላብራቶሪ ምርመራ ነው።