ሐኪም ያዘዘው አትክልት ቦታ

ለንደን ውስጥ አንድ ክርስትና ላይ ነው፣ ጨዋታው እንዴት እዚያ እንደደረሰ እንጃ፣ ብቻ አንዲት እናት ጂፒዬ፣ የሰፈር ሐኪሜ ማለት ነው፣ አትክልት ቦታ ላከኝ አሉ። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ኪኒን ፈልገው ቢሄዱ ሊንክ ወርከር የምትባል ልጅ ጋር ቀጠሮ ያዘላቸው፣ እሷ ደሞ ስለ ቤታቸው ስለ ልጆቻቸው ማን እንደሚጠይቃቸው ሳይቀር ተረጋግታ አውርታቸው አትክልት የሚተክሉ ሰዎች ጋር ቀላቀለቻቸው። ሶሻል ፕሪስክራይቢንግ የሚሉት ይሄን ነው።

ኡበር የሚነዳው ልጅ አልቻለም። "እማማ ይቅርታ ያርጉልኝና ይሄ ማባረሪያ ነው፣ የስፔሻሊስት ወረፋው አልደርስ ሲላቸው ቲማቲም ትከሉ ይላሉ! ደሞ እኛ እድር አለን፣ ማህበር አለን፣ ሐኪም ያዘዘልን አለ?"

ነርሷ ቱግ አለች። "እድር የሌለውስ? ስማ፣ ጂፒ ጋር ያለህ አስር ደቂቃ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የኪራይ ውዝፍ ያለባት ሴትዮ ደረቴን ወጋኝ ብላ ስትመጣ ኪኒኑ ኪራይ ይከፍልላታል? የመንግስቱ ጤና አገልግሎት ኤንኤችኤስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ ለሊንክ ወርከሮች ደሞዝ የሚከፍለው ወዶ መሰለህ?"

"እና ይሰራል? ጥናት አለ?"

እዚህ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ አለች፣ ጥናቶቹ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ማነጻጸሪያ የሌላቸውም አሉ ብላ አመነች። እማማ ጣልቃ ገቡ፣ "እንቅልፉማ ያው ነው ልጄ፣ ግን ጎመን አብቅያለሁ፣ አንዷ ፈረንጅ ደሞ ወሬዋ አያልቅም።" ሳቅን።

እኔ ለነርሷ አደላለሁ፣ ግን ሁለቱም ያላነሱት ነገር አለ። ሊንክ ወርከሯ ደሞዝ አላት፣ ሰው የምትልክበት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ በበጎ ፈቃደኛ የሚንቀሳቀስ ነው፣ ሰው ሲላክለት ብር አብሮ አይላክለትም። ምስራቅ ለንደን ብሮምሊ ባይ ቦው ሴንተር የሚባለው የሰፈር ማዕከል ከ1984 ጀምሮ ስላለ ክሊኒኩም ፓርኩም ጎን ለጎን ነው፣ እንዲህ አይነት ግን ስንት ሰፈር አለ? ከ2010 ወዲህ የካውንስሎች፣ የየሰፈሩ አስተዳደር፣ በጀት ሲቆረጥ ስንት ላይብረሪና የወጣት ማዕከል ተዘጋ፣ እንዲህ ሆኖ ሰው መላክ ፋርማሲ በሌለበት ሰፈር ማዘዣ መጻፍ ማለት እኮ ነው። ለኛ ሰው ደሞ የቋንቋው ጣጣ አለ፣ ለጂፒ ቀጠሮ አስተርጓሚ ይጠየቃል፣ ለአትክልት ቦታውስ? ሄዶ ሄዶ አማርኛ ወደሚወራበት ወደ ኮሚኒቲው ነው የሚላኩት፣ እሱ ደሞ የአዳራሽ ኪራዩን የሚከፍለው ከአባላት መዋጮ ነው። ሐኪም ሰው ከላከ ከኪራዩም ላይ ትንሽ ይካፈል ባይ ነኝ።