የአገጭ አርበኞች

የዓለም ጤና ድርጅት «ኮቪድ ከእንግዲህ ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት አይደለም» ብሎ ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ የአርበኞች ቀን! ጄኔቫ የተቀመጡት ሰዎች የእኛን በዓል አይተው ቀን የቆረጡ አይመስለኝም፤ ቀኑ ራሱ ነው እኛን ፈልጎ የመጣው። ያም ሆኖ ማስኩን አገጩ ላይ ሰቅሎ ያንን ሁሉ ጊዜ የተፋለመውን ሕዝብ እስከ ዛሬ ስሙን ጠርቶ ያመሰገነ የለም። ሜዳሊያ የለ፣ ሐውልት የለ፣ የምስጋና ወረቀት እንኳ የለ። እንግዲህ ማንም ካላደረገው እኔ ላድርገው።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ዕለቱ አርብ ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ቫይረሱ እንደተገኘበት ተነገረ። በሌላው ዓለም ሕዝቡ ሶፍት ሊገዛ ሲጋፋ እኛ መንገዱ አልጠፋንም፤ ቀጥታ ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ተራ! ነጋዴዎቻችንም የላብራቶሪ ውጤት ምናምን እያሉ ጊዜ አላባከኑም። ባንድ አዳር ዋጋውን ሰቅለው ሽንኩርቱን ከወጥ ማጣፈጫነት ወደ መድኃኒትነት አሳደጉት። መንግሥት ይሄን ቅንነት ሳይረዳላቸው ሱቅ ማሸግ ጀመረ። ውለታ ቢስነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰውዬው ሎሚውን ያስወደደው እኮ እንድናከብረው ብሎ ነው።

ከዚያ ክልከላው መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ጭፈራ ቤት ተዘጋ፣ ኳስ ቀረ። መጋቢት 30 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ዝርዝሩ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ ሬስቶራንት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሦስት ሰው በላይ መቀመጥ ክልክል፣ ትራንስፖርት በግማሽ ወንበር፣ ሰው ያለበት ቦታ አፍና አፍንጫ መሸፈን ግዴታ። የጣሰ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት። ሰነፍ ሕዝብ ቢሆን ይሄን አንብቦ እንዳለ ይፈጽመው ነበር። እኛ ግን በአንድምታ ያደግን ነን፤ ንባቡን ትተን ወደ ትርጓሜው ነው የምንሄደው። «ከአራት በላይ አትሰብሰቡ» ማለት አንድም አርባም ብትሆኑ አራት አራት ሆናችሁ ቁሙ ማለት ነው፤ አንድም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ አራት ሁኑ ማለት ነው፤ አንድም ይሄ ሰርግን አይመለከትም።

ካፌ ውስጥ ትርጓሜው እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘጠኝ ጓደኛሞች ገቡ። በሥርዓት ሦስት ሦስት ሆነው ሦስት ጠረጴዛ ያዙ። ከዚያ የመሀለኛው ጠረጴዛ ሰዎች ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ግራ ሳቡ፣ የግራዎቹ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ማኪያቶው ሳይመጣ ዘጠኙም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ቪዲዮ ያያሉ። አስተናጋጇ ሦስት የተለያየ ሂሳብ ከፈተችላቸው። «ደንቦች ከመጡ አትተዋወቁም፣ እሺ?» አለቻቸው። እሺ አሉ። እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን ወታደር ቤትም የለም።

ግሮሰሪዎቹንማ ምን ብዬ ላመስግናቸው! መጠጥ ቤት ዝጋ ሲባል ዘጉ። እውነቴን ነው፣ ዘጉ። የቆርቆሮ በሩን እስከ ወገብ ድረስ አወረዱት። ቆሞ ላየው ተዘግቷል፣ ጎንበስ ላለ ደግሞ ክፍት ነው። የተከበሩ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ ጠበቃ ሳይቀር ጎንበስ እያሉ ይገቡ ነበር። ሕግ ፊት ጎንበስ ያለ ሕዝብ ካላያችሁ ያኔ ሰፈራችን መምጣት ነበረባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጀግንነት እንምጣ። ሐኪሞቹ ሁሉ አፍና አፍንጫ፣ አፍና አፍንጫ ሲሉ የተዘነጋ አንድ አካል ነበር፦ አገጭ። ደራሽ አጥቶ ነበር። እኛ ደረስንለት። ይኸው እስከ ዛሬ አንድም ሰው በአገጩ በኩል መያዙ አልተሰማም። አንዳንድ ምቀኞች «የሐበሻ ጥንቃቄ ከአንገት በላይ ነው» ብለው ሲያሙን ነበር። ሐሰት ነው፣ አንገት ላይ ነበር።

ደግሞ ለማስኩ የነበረን አክብሮት! ሰው ስልክ ሲያወራ ዝቅ ያደርገዋል፣ ድምፁ እንዳይታፈን። ሲከራከር ዝቅ ያደርገዋል፣ ነጥቡ እንዳያልፍ። ሊያስነጥስ ሲል ደግሞ ፈጠን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፣ ማስኩ እንዳይቆሽሽ። ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ላይ ማስክ በቄንጥ ደርድሮ የሚሸጥ አንድ ልጅ ነበር፤ ደንበኛ እንዳይከፋው ትንሽ መስታወትም ይዟል። አንዷ ጥቁሩን አደረገች፣ ግራ ቀኝ ብላ በመስታወቱ አየችና «ይሄ ያጠቁረኛል፣ ሰማያዊ የለህም?» ብላ መለሰችለት። ሰማያዊውን ሌላ ሴትዮ እየሞከረችው ስለነበር ትንሽ ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ አደረገችው፣ አማረባት፣ ገዛች። ልጁ ጥቁሩን አራግፎ መልሶ ሰቀለው። ማራገፉን ልብ በሉልኝ።

ሂሳቤ ያለበት ባንክ በር ላይ የቆሙት ጥበቃ ለዚህ ሁሉ ዘመቻ ጄኔራል ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። በሩ ላይ «ማስክ ሳያደርጉ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ጋሼ ደግሞ በወረቀት አይቀልዱም። ማስክ የሌለው ወጣት መጣ። «አይቻልም፣ ልጄ።» ወጣቱ አልተከራከረም። ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣ አንድ ሰው ጠብቆ «ወንድሜ፣ አንዴ አውሰኝ» አለው። ሰውዬው ካፉ ላይ ፈታና ሰጠው። ወጣቱ እዚያው ጋሼ ፊት አደረገው። ጋሼ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «አሁን ይቻላል» አሉት። የማስኩ ባለቤት ልጁ ብሩን አውጥቶ እስኪመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ፍቅር ይሉሃል ይሄ ነው! ፈረንጅ አገር ለማያውቀው ሰው ማስኩን ከፊቱ አውልቆ የሚሰጥ አለ?

በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ሮቶም ነበር፣ ቧንቧ ያለው፣ ሳሙናው በክር የታሰረ። ውሃው ቀትር ሳይደርስ ያልቃል። ጋሼ ግን ሥርዓት እንዳይጓደል «ውሃ የለም፣ ብቻ ታጠቡ» ይሉን ነበር። እኛም በደረቁ እጃችንን አሸት አሸት አድርገን እንገባለን። ሙቀት መለኪያዋን እንደ ሽጉጥ ግንባራችን ላይ ያነጣጥሯታል። አንድ ብርዳም ጠዋት ለእኔ 33 አለች። በ33 ዲግሪ ሰው ብርድ ልብስ ተደርቦለት ሆስፒታል ነው የሚገባው። ጋሼ አይተው «ጥሩ ነው፣ ግባ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ 36 ከምናምን እንደሆንኩ እየነገሩኝ ገባሁ፣ ጤናዬ ተስተካክሎ ማለት ነው።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበር። ሕጉ ግማሽ ሰው ጫን አለ፤ ባለታክሲው እንዳይጎዳ ታሪፉ በእጥፍ ሆነ። ሒሳቡ ተገቢ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መስኮት ዳር እግር ዘርግተን እንደ ሚኒስትር ተጓዝን። ብዙም ሳይቆይ ረዳቶቻችን ሒሳቡን አሻሻሉት፦ ሙሉ ሰው፣ እጥፍ ታሪፍ። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለኛም አስቡልን እንጂ!» ጠጋ እንላለን። ታክሲው ወደ አደባባዩ ሲቃረብ ረዳቱ ድምፁን ይቀይርና «ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ! ከኋላ ያላችሁ ዝቅ በሉ!» ይላል። ማስኩ ሁሉ ባንዴ ከአገጭ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ከኋላ ያሉት ሦስት ሰዎች ከወንበሩ ጀርባ ይሰወራሉ፣ ትራፊክ ፖሊሱን በሰላም እናልፋለን፣ ማስኩ ይወርዳል፣ ሦስቱ ሰዎች ይወጣሉ። ማንም የሳቀ የለም። አንዲት እናት ብቻ «ተመስገን፣ አለፍነው» አሉ። በሽታውን መስሎኝ ነበር።

ከውጭ ለሚመጣውም አልሰነፍንም። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ማንኛውም መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን ይቆይ ተባለ። ዘመድ አዝማድ ምሳ ዕቃውን ይዞ ሆቴል በር ላይ ተሰለፈ፤ የሆቴል ምግብ ለኳራንቲን አይሆንማ። (በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ የተባረሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ዩኒቨርሲቲ ዶርም ነበር የገቡት። የእነሱ በር ላይ ያን ያህል ምሳ ዕቃ አላየሁም። እዚህ ላይ ማሾፍ አልችልም፣ ልለፈው።) በኋላ ደንቡ ላላ፦ በ120 ሰዓት ውስጥ የተሠራ የፒሲአር ውጤት የያዘ እቤቱ ሄዶ 7 ቀን ራሱን ለይቶ ይቀመጥ። ይሄኛው በጣም ተመቸን። ከአሜሪካ የመጣው አጎት እቤቱ ራሱን ለየ፤ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ሁሉም እየመጣ ጉንጩን ሦስት አራቴ እየሳመ ራሱን እንዲለይ አገዘው። ትንሽ ፈራ ያለ ሰው ካለ እማማ ወረቀቱን ከቦርሳ አውጥተው ያሳዩታል። «ኔጌቲቭ ነው፣ ማህተምም አለው፣ ሳመው!» ማህተም ያለው ሰው ቫይረስ አይደፍረውም።

2012 አልቆ አዋጁ ሲያበቃ የጤና ሚኒስቴር ነገሩ እንዳይዘነጋ መመሪያ ቁጥር 30ን ይዞ መጣ። እንደገና ማስክ፣ እንደገና አትጨባበጡ፣ እንደገና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ። ሁለት እርምጃ! ይሄን የጻፈው ሰው ወረፋ ቆሞ አያውቅም። ወረፋ ላይ ሁለት እርምጃ ክፍት ቦታ ከተዉ ሦስት ሰው ይገባበታል፣ አንደኛው ደግሞ «እኔ ቅድም ነበርኩ» ይላል። ስለዚህ ለጤናችን ስንል ተጣበቅን።

ለቅሶውን ነው ፈራ ተባ እያልኩ የምጽፈው። ስልክ ስንደውል ገና ሳይጠራ ስለ እጅ መታጠብ ይነገረን ነበር፤ የምንደውለው ግን «ለቅሶ እንዳትቀር» ልንባባል ነው። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥሩን ያሳውቁ ነበር፣ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ። ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ያ የኮንሰርትና የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ በአልጋ ተሞልቶ ነርሶቹ ከራስ እስከ እግራቸው ታሽገው በላብ ይጠመቃሉ። እኛ ደግሞ ድንኳን ውስጥ የራሳችን የምርመራ ክፍል ነበረን። «በኮሮና ነው እንዴ?» «ኧረ በፍጹም! ስኳር ነበረባቸው።» «ኮሮና ነው እንዴ?» «ምን ኮሮና፣ ኒሞኒያ ነው እንጂ።» በዚህ ምርመራ ባገራችን በኮሮና የሞተ ሰው የለም። ሚኒስቴሩ መዝግቦ የያዘው ከ7,500 በላይ ሰው ታዲያ የማን ቤተሰብ ነበር? ማንም የእኔ ነው አይልም። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሳኒታይዘር የያዘ ልጅ ቆሞ «አትሳሳሙ፣ በክርን ብቻ» ይላል። በክርን ሰላም ይሉትና፣ ግዴታቸውን ተወጥተዋልና፣ ገብተው አንገት ላንገት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ማስኩ? አለ። እንባ መጥረጊያ ሆኗል።

እና ይሄን ሁሉ ያደረግነው እኮ ዝም ብለን አይደለም። ጥበቃውን፣ ትራፊኩን፣ ደንብ አስከባሪውን፣ አስተናጋጇን አንድ በአንድ አክብረናል። ማንንም ይሉኝታ ቢስ ሆነን አላስቀየምንም። ቫይረሱ ግን በር ላይ ቆሞ ስላልጠየቀን ምን እናድርግ? ዩኒፎርም ቢለብስ ኖሮ ለእሱም ማስካችንን ከፍ እናደርግለት ነበር።

ባለፈው ወደዚያው ባንክ ሄጄ ነበር። ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ወረቀቱም አልተነሳም፣ ብቻ ፀሐይ ስለበላው «መግባት» የሚለው ቃል ብቻ ነው የሚነበበው። ሰላም ተባባልን፣ በእጅ፣ ከዚያም በትከሻ።

«ጋሼ፣ ያቺ ሙቀት መለኪያ የት ገባች?»

«ኧረ እሷ! ባትሪዋ አልቆ ጥያታለሁ።»

«መቼ አለቀ?»

ትንሽ አሰቡ። «ያን ጊዜ፣ አንተን 33 ብላህ የለ? በማግሥቱ።»