በእነማን ውለታ ላይ ነው የቆምነው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤትና በቡና ዙሪያ ልጆቻችን እየሰሙ የምንናገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሰነፎች ናቸው፤ ዕድሉ እያለላቸው አልተጠቀሙበትም፤ እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም» እንላለን። ይህ ነውር ነው፤ ይብቃን።

ዕድሉ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው። ከዚያ በፊት ጥቁሮች በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ለዓመታት እየተደበደቡና እየታሰሩ፣ ሰውን በዘሩ የሚለይ ሕግ ለአገሪቱ ማፈሪያ መሆኑን አሳይተዋል። እኛ የገባንበትን በር የገፉት እነርሱ ናቸው።

ትግሉ ሲነሳም አንድ ሰባኪ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግን፣ እና በአውቶቡስ ከወንበሯ አልነሳም ያለች አንዲት ሴት፣ ሮዛ ፓርክስን፣ ጠቅሰን እናልፋለን። በአላባማ ክፍለ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ ግን በአንድ ቀን ቁጣ የተወለደ አይደለም። የኮሌጅ መምህርቷ ሜሪ ፌር በርክስ «የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት» የተባለውን ማኅበር ያቋቋመችው በ1946 ነው። ከእርሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ጆ አን ሮቢንሰን በ1954 ለከንቲባው ጽፋ፣ በአውቶቡስ የሚደርሰው ውርደት ካልቀረ አድማ እንደሚመጣ አስጠነቀቀች። በቀጣዩ ዓመት ሮዛ ፓርክስ በታሰረችበት ሌሊት፣ ሮቢንሰን ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ኮሌጁ ውስጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ስታባዛ አደረች። እንጀራዋን የሚያሳጣ ድፍረት ነበር። ወረቀቱ በማግስቱ ከተማውን ያዳረሰው፣ ሴቶቹ የት የት እንደሚያድሉት አስቀድመው አስበውበት ስለነበር ነው። እኛ ስንት ጊዜ በቁጣ ተሰብስበን፣ ስንት ጊዜ በማግስቱ ተበትነናል?

አድማው 381 ቀን ቆየ። በእግራቸው ከተመላለሱት ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚያበስሉና የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ምግብ አብሳይዋ ጆርጂያ ጊልሞር ፍርድ ቤት ቀርባ ስለ በደሉ መሰከረች፤ ከሥራዋም ተባረረች። እርሷ ያስተባበረቻቸው ሴቶች ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ ሸጠው፣ አድማተኞቹን ለሚያመላልሱት መኪናዎች ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ቀጣሪዎቻቸው እንዳይበቀሏቸው ስማቸው አይጠራም ነበር። እድር ያሳደገን ሰዎች ይህን ሥራ ለመረዳት አስተማሪ አያሻንም።

በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን ለይቶ ማስቀመጥን ሕገ ወጥ ያሰኘውን ክስ አሸንፈው የወጡትም አውሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ክሎዴት ኮልቪን ናቸው። ኮልቪን መቀመጫዬን አልለቅም ብላ የታሰረችው ከፓርክስ 9 ወር ቀድማ፣ በ15 ዓመቷ ነው። እነዚህን ስሞች ለልጆቻችን ነግረናቸው እናውቃለን?

በሆቴል የምታጸዱ፣ አረጋውያንን የምትንከባከቡ እኅቶቼ፣ አሠሪ በቀለማችሁ ቢበድላችሁ የምትከሱበት ሕግ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቤት አከራይ በቀለማችን እንዳይመልሰን የሚከለክለው ደግሞ የ1968ቱ ሕግ ነው። ሁለቱም ደም የፈሰሰባቸው ናቸው። ልጃችሁን በመንገድ የሚያስቆመው ፖሊስም ወላጆቹ ከየት እንደመጡ ጠይቆ አይለየውም።

ስለዚህ በልጆቻችሁ ፊት ያንን ንቀት ተዉ። ዜግነት ወስዳችሁ ለምርጫ ሳትመዘገቡ ዓመታት ያሳለፋችሁ ተመዝገቡ። በሰፈራችሁ የጥቁር ሴቶች ማኅበር መራጭ ለመመዝገብ ወይም ስለ ቤት ኪራይ ለመነጋገር ሲጠራ፣ «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትቅሩ፤ ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ አዳምጡ፣ መዋጮ ሲጠየቅም አዋጡ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ መሪዎቻችን፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት ሊቀመንበሮችም፣ በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ከእነዚህ የሰፈራችሁ ማኅበር ሴቶች አንዷን ጋብዛችሁ መድረኩን ስጧት።