ሞንታርቦ ሺህ ዓመት ይንገሥ

ደሴ ላይ አምሽታችሁ የምትገበዩ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! የማታ ገበያችን ሠልጥኗል። ድሮ ሲመሽ መንገድ ዳር ኩራዝ ይለኮስና ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው በመደብ በመደብ ይደረደር ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የልጆች ደህንነት፣ ከዚያ ክርክር፣ በመጨረሻ ምራቂ። ያ ሁሉ ምሽት በከንቱ ባከነ! ዛሬ ማንንም መጠየቅ የለም። ሞንታርቦው ይነግረናል።

ሰሞኑን ፒያሳ ላይ ጆሮዬን የበሳውን ካልሲ ሻጭ ሳላመሰግን አላልፍም። ድምፁን ቀድቶ ለቆታል፦ «የዛሬ ብቻ! የዛሬ ብቻ! ሦስቱ በ100!» ይሄ «ዛሬ» የጀመረው ከመስቀል በፊት ነው። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ረመዳን ገብቶ ወጣ። «ዛሬ» ግን አላለፈም። ደግሞ ሲቀዳ ጉንፋን ይዞት ኖሮ መሐል ላይ ያስላል። ሳሉም አብሮ ተቀድቷል። ሰውዬው ከዳነ ቆየ፤ ሞንታርቦው ግን እስካሁን አልተሻለውም። የሰፈሩ ሕፃናት «ሦስቱ በ100» ብለው ኡሁ ኡሁ ይላሉ፤ የዋጋው አካል መስሏቸው። በቀደም ዕለት ሻጩ ካልሲውን ሸክፎ እራቱን ሊበላ ሄደ። ሞንታርቦው ባዶ ሸራ ላይ ቆሞ እየጮኸ ያስላል። አንዲት እናት ቆም አሉና «አላህ ያሽርህ ልጄ» ብለውት አለፉ።

ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ እንዳይበለጥ ሁለት ሞንታርቦ ተከለ። «በኪሳራ ነው! በኪሳራ ነው!» በዚሁ ኪሳራ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል። ባቲንና አምባሰልን ያወጣች ወሎ አምስተኛ ቅኝት አገኘች ማለት ነው።

ሽንኩርት ሻጯስ? ቦታዋ ላይ ሸራ ዘርግተው ገፍተው ገፍተው ቱቦ አፍ ላይ አስቀምጠዋታል። በዚያ የጦሳ ተራራ ብርድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሻማዋን በእጇ ከልላ። «ሽንኩርት» ብትል ማን ይሰማታል? ልጆቿን ያሳደገችበት ቦታ እኮ ነው! ነውር ነው። የገፋትም፣ አይቶ ካልሲ የመረጠውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስልኩን ደግኖ «የደሴ ምሽት ድባብ» እያለ የሚቀርጸው ጎረምሳም አይረሳ። «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ ካሜራው ውስጥ ገቡብኝ» አላቸው፣ ኩራዝ ይዘው የቀሩትን ብቸኛ ሴትዮ።

ለካልሲ ሻጩ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ገንዘብ እናዋጣና እንደገና ይቀዳ። ጉንፋን ሳይዘው።