ማስተካከያ፦ አምብሯዝ ፓሬ፣ የፈላ ዘይትና ክር

ስለ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ባወጣነው ጽሑፍ «ቱሪን ላይ የፈላ ዘይት ሲያልቅበት ደም ሥር በክር መቋጠርን ፈለሰፈ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ሁለት ነገሮችን ቀላቅለናል። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቱሪን ላይ ያለቀው ዘይት ጥይት በመታው ቁስል ውስጥ የሚፈስ ነበር፤ ባሩድ ቁስሉን ይመርዛል ተብሎ ይታመን ነበርና። ፓሬ በምትኩ የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ደባልቆ ቀባ። በማግስቱ በዘይት የተቃጠሉት በትኩሳት፣ በሕመምና በእብጠት ሲሰቃዩ፣ የተቀቡት ደህና አድረው አገኛቸው። ይህን በ1545 እ.ኤ.አ. በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ አሳተመ።

ክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1552 በዳምቪሊዬ ከበባ እግር ሲቆርጥ ነው። ደም ለማቆም በጋለ ብረት መተኮሱን ትቶ የደም ሥሩን ጫፍ በመቆንጠጫ ስቦ በክር አሰረው። ማሰሩን ግን የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞት ጽፎታል፤ የፓሬ ድርሻ ለተቆረጠ እጅና እግር ማዋሉ ነው።

በክር ማሰሩ «ወዲያው ተስፋፋ» ማለታችንም ልክ አልነበረም። ደም እየፈሰሰ እያንዳንዱን ደም ሥር ፈልጎ ማሰር ሠልጣኝ ረዳትና ጊዜ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙዎች በትኩሱ ብረት ቀጠሉ። እግሩን ወይም እጁን አጥብቆ በመያዝ ደሙን አስተማምኖ የሚገታው የፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም የፔቲ ባለብሎን ማጥበቂያ የመጣው በ1718 ነው።