ደላላ የማያስፈልጋቸው ጋሼ

ሐዋሳ ውስጥ ቤታቸውን ሊሸጡ የቆረጡ ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው የሚገዙት ማርከር ነው። ብረት በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብለው ይጽፋሉ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥራቸውን፣ ከስልኩ ሥር ደግሞ ከሁሉም በጎላ ፊደል «ደላላ እንዳይደውል» ይላሉ። ጽሑፉ ሳይደርቅ ስልኩ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ደላላ አይደለሁም፤ ገዢ ግን አለኝ።»

«ደላላ ካልሆንክማ ና እንጂ ልጄ!»

ይህን ጽናት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ሒሳቡም ቢሆን የሚያግዘው ጋሼን ነው። በልማድ ደላላ ከሻጭ 2 ከመቶ፣ ከገዢም 2 ከመቶ ይቀበላል። ቤቱ 9 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ የጋሼ ድርሻ 180 ሺህ ብር ይሆናል። ሰውን ከሰው ላገናኘ፣ ያውም በባጃጅ ለመጣ፣ 180 ሺህ! ስለዚህ ሥራውን ራሳቸው ሊሠሩት ወስነዋል።

መጀመሪያ ዋጋ ይቆረጣል። ቤት ገማች መሐንዲስ ማስመጣት ገንዘብ ያስወጣል፤ ጎረቤት ግን በነፃ አለ። ጎረቤት አምና «በ12 ሚሊዮን ሸጥኩ» ብለዋል። እንግዲያው የጋሼ ቤት 13 ነው፤ የእሳቸው ሐይቁ ይታያላ! (ይታያል፣ የውኃ ታንከሩ ማማ ላይ ከተወጣ።) የጎረቤት ቤት ጂ ፕላስ ዋን መሆኑ፣ በሩም አስፋልት ላይ መሆኑ፣ የጋሼ ደግሞ ከኮብልስቶኑ ማብቂያ ወዲያ ያለች ባለ ሁለት መኝታ ቪላ መሆኗ ዝርዝር ነው። ዝርዝር የደላላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ምስጋናው ለጋሼ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ይገባል። ጎረቤት ለወዳጅ ዘመድ 12 ብለዋል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው 4 ነው፤ እጃቸው የገባው 9 ተኩል ሊሆን ይችላል። የባለ ሦስት ዋጋዋን ቤት እውነተኛ ዋጋ የሚያውቁት ሻጩ፣ ገዢውና ደላላው ብቻ ናቸው። ሻጩ ግብር ፈርቶ አይናገርም፤ ገዢውም እንደዚያው። ደላላው ግን አቶቴ ላይ 200 ካሬ በስንት እንደሄደ፣ ታቦር በኩል የትኛው ቤት ዓመት ሙሉ ተለጥፎ እንደቀረ፣ የትኛው ሻጭ ብር ቸግሮት እንደወረደ በቃሉ ይዟል። 180 ሺህ ብሩ የሚከፈለው እንግዲህ እኛው ተባብረን የደበቅነውን ወሬ መልሶ ለመግዛት ነው። ደላላን ስንረግም እንዳንሳሳት እንጂ፣ አሠሪዎቹ እኛ ነን።

ወር ያልፋል። 13 ሚሊዮን ሲባል የሰማ ሁሉ «እንመካከርበት» ብሎ እየወጣ አይመለስም። የመጣውን ሰው የሚያስጎበኙት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ። እንግዳው «ለምን ሊሸጡት ነው?» ይላል፣ እንዲያው ለጨዋታ። ጋሼም ቅን ሰው ናቸውና «ልጄ የካናዳ ፕሮሰስ ጀምራለች፤ እስከ መስከረም ብሩ ያስፈልጋል» ይሉታል። ገዢው ፈንዲሻውን እየቆረጠመ በሆዱ ግማሽ ሚሊዮን ይቀንሳል። ክፉ ደላላ ቢኖር ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ነጥቆ «ሰፋ ያለ ቦታ ሊገዙ ነው» ብሎ ያበላሻት ነበር። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በክረምት ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመጠጥ ሲጠየቁም ጋሼ ሐይቁን በአገጫቸው ያመለክታሉ። ለካ ሐይቁ በዚህም በኩል ይታያል።

በሁለተኛው ወር ጋሼ አቋማቸውን ሳይለውጡ ስልታቸውን ያሻሽላሉ። ደላላ ያዙ እንዳይባል ለአንዱ አይሰጡም፤ ለስምንቱም ይሰጣሉ። ስምንቱ ያችኑ ቤት ቴሌግራም ላይ ይለጥፏታል፤ አንዱ በ8 ሚሊዮን 900 ሺህ፣ አንዱ በ10፣ አንዱ በ13። ሁሉም ፎቶውን ያነሱት መብራት በጠፋበት ቀን ሲሆን ልብስ ማስጫውም አብሮ ተነስቷል። ይከፈለኝ ይሆን አይከፈለኝ ይሆን ብሎ የሚያድር ሰው ግቢ አስጠርጎ፣ መጋረጃ አስገልጦ ፎቶ አያነሳማ። ከአዲስ አበባ የሚፈልግ ገዢ ያንኑ አረንጓዴ በር አራት ቦታ፣ በአራት ዋጋ ያየዋል። ድርድሩን የሚጀምረው ከዝቅተኛው ነው፤ በልቡም «ይህ ቤት ምን ቢያገኘው ነው እንዲህ የሚለመንለት?» ይላል።

ከስልቶቹ ሁሉ ቁንጮው ግን ይኼኛው ነው። ጋሼ አንዱን ደላላ ትከሻውን ይዘው «ለእኔ ንጹህ 9 ሚሊዮን ይድረሰኝ፤ ከዚያ በላይ ያመጣኸው የራስህ» ይሉታል። ኮሚሽን የሚባል ነገር ቀረ፤ 180 ሺህ ብር ተረፈ! ገዢ 10 ሚሊዮን 200 ሺህ ሲል ጋሼ የሚሰሙት 9 ሚሊዮን ነው፤ 180 ሺህ የነፈጉትን ልጅ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር መርቀው ሰጡት። 9 ሚሊዮን 100 ሺህ የሚል ገዢ ቢመጣ ደግሞ ጋሼ ዘንድ አይደርስም። ደላላው ለ100 ሺህ ብር አይለፋም፤ «እሱ ሰውዬ አልተመቸኝም» ብሎ በሌላ ቤት ያስገባዋል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ጋሼ ከተረቱ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደዋል፤ ወረቀቱን ትተውታል። «መተማመን እያለ ምን መጻፍ ያስፈልጋል?» ግማሽ ገጽ ይበቃ ነበር፦ ክፍያው በመቶኛ ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሚወጣ፣ የሚከፈለው ቀብድ ሲያዝ ሳይሆን ውሉ ተመዝግቦ ሲፈረም መሆኑ፣ ስምምነቱ ለምሳሌ ለ60 ቀን ብቻ እንደሚጸና፣ ደላላው ያመጣቸው ሰዎች ስም በየቀኑ በደብተር እንደሚያዝ፣ ከገዢው ጭማሪ ቢቀበል ድርሻውን እንደሚያጣ። ይህ ሁሉ ስላልተጻፈ የፊርማው ቀን ውልና ማስረጃ በር ላይ አራት ሰው ይቆማል። አንዱ ለገዢው ስልክ የሰጠ ነው፤ አንዱ ቤቱን ያሳየ ነው፤ አንዱ ለሁለቱ የነገረ ነው፤ አራተኛው ያ «ደላላ ያልሆነው» ልጅ ነው። አራቱም 2 ከመቶ ይላሉ። ጋሼ ሁለቱን ያስታርቃሉ፣ ለአንዱ ይከፍላሉ፣ ከአንዱ ጋር ቀበሌ ይሄዳሉ።

ሽሙጡን ለአፍታ እናቁመው። ደላላ በእርግጥ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። ገዢው ተከራያቸው፣ አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆነ የተገናኘን ሰው ለማገናኘት 2 ከመቶ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ውሉን የሚያረቅ ጠበቃ ብቻ ይበቃል። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ሲኖር፣ ገዢ ይሆናል የሚባለውም ሰው ከሩቅ ሲመጣ ግን አንድ፣ በወረቀት የታሰረ ደላላ ዋጋውን ያወጣል። ጋሼ ታዲያ ለሩቁ ገዢ ራሳቸው ይሯሯጣሉ፤ ተከራያቸው ልግዛ ሲላቸው ደግሞ «መሃል ሆኖ እንዲያስማማን» ብለው ደላላ ይጠራሉ።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የወረቀት ዝግጅታቸው ልዩ ነው፦ ገዢ እስኪመጣ አይነካም። ካርታው በሟች አባታቸው ስም ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ ወጥቶ ስም ካልዞረ መሸጥ እንደማይቻል የሚሰሙት ገዢው ብሩን ባንክ አዘጋጅቶ በሚጠብቅበት ሳምንት ነው። ውጭ ያለችው እህታቸው ውክልና ልካለች፤ ውክልናው «ያስተዳድርልኝ» ይላል፣ «ይሽጥልኝ» አይልም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ደግሞ ልዩ ውክልና ይፈለጋል፤ ስለዚህ እንደገና ኤምባሲ፣ እንደገና ውጭ ጉዳይ። የዓመቱ ግብር አልተከፈለም። እዳና እገዳ የለበትም የሚለው ማስረጃ አልወጣም።

መለኪያው ሜትር ሲዘረጋ ግን ጉዱ ይወጣል። ካርታው 200 ካሬ ይላል። ባለሙያው በሰሜን በኩል ሲለካ 10 ሜትር፣ በጎን ሲለካ 22 ሜትር ከ40 ያነባል፤ 224 ካሬ። ጋሼ ይፈግጋሉ፣ ቤታቸው አደገች! ባለሙያው ግን አይፈግግም። 24 ካሬዋ ካርታው ላይ የሌለች ትርፍ ቦታ ናት፤ በእሷ ላይ ያረፈችው ሰርቪስ ቤትም ፕላን የላትም። ገዢው የከፈለው ለሰርቪሷም ጭምር ነበርና ቁጭ ብሎ እንደገና ያሰላል። ማስታወቂያው በር ላይ ሳይጻፍ ልኬቱ ቢደረግ ኖሮ ይህ የዋጋ ንግግሩ መጀመሪያ ላይ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ቀብዱስ? ጋሼ ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶ ላይ፣ 500 ሺህ ብር ይቀበላሉ፤ በደብተር ወረቀት ፈርመው ይጨባበጣሉ። በሳምንቱ ሌላ ሰው 400 ሺህ ጨምሮ ይመጣል፤ ጋሼ የመጀመሪያውን «ብርህን ውሰድ» ይሉታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። 400 ሺህ ሊያተርፉ 500 ሺህ ከኪሳቸው ይጨምራሉ። «ያ ወረቀት እኮ ካፌ የተጻፈ ነው» ብለው ቢከራከሩ፣ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ይመዝገብ ስለሚል ያሸንፉ ይሆናል። ችግሩ የሁለተኛውንም ሰው ቀብድ የተቀበሉት እዚያው ካፌ ነው።

በመጨረሻ ፊርማው ደርሶ ምን ይጻፍ ይባላል። በ9 የተስማሙትን 4 ያደርጉታል፤ የቴምብር ቀረጡ 2 ከመቶ ነውና ይቀነሳል ብለው። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ግምት እንደሚያወጣ፣ ግምቱ ከበለጠ በግምቱ እንደሚያስከፍል ማንም አልነገራቸውም፤ በወረቀት የታሰረ ደላላ የለማ። የቀረው 5 ሚሊዮን በቃል ነው። ገዢው 3ቱን ከፍሎ 2ቱን «ቁልፍ ስረከብ» ቢል ጋሼ ክስ የሚመሠርቱበት ወረቀት የላቸውም፤ ወረቀቱ 4 ይላል፣ 4ቱም ተከፍሏል። ውሉ ቢፈርስ ደግሞ የሚያለቅሰው ገዢው ነው፤ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። ይኸው ውል የባለቤታቸው የእትዬ ፊርማ ስላልነበረበት ሁለት ሳምንት መዘግየቱን ሳንቆጥር ነው። የእትዬ ፊርማ እንደሚጠየቅ የሰሙት ውልና ማስረጃ መስኮት ላይ ነው። እትዬ የሰሙት ዋጋ ደግሞ 11 ነበር።

ሆኖም ጋሼ ሸጡ። ለደላላ በይፋ አንዲት ብር አልከፈሉም። በማግስቱ ሌላ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፈው «በስንት ሄደ ታዲያ?» ሲሏቸው ጋሼ ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማንም እንዳትናገር፤ በ13» አሏቸው። ጎረቤቱ በዚያው ከሰዓት ማርከር ገዙ። ጋሼም ስልክ ቁጥራቸውን ሰጧቸው፦ «እኔ ደላላ አይደለሁም፤ ገዢ ግን አለኝ። 2 ከመቶ ብቻ።»