ጅቡቲ ያለችው ልጅሽስ የት ትመርጣለች?

የድሬ ልጆች፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ከሚኒሶታና ከቶሮንቶ ስልክ ይደወላል። «ለእገሌ እንዳትመርጡ!» ይባላል፤ ለበዓል ብር የላከ ዘመድ ስለሆነ ቤቱ በሙሉ እሺ ይላል። ደዋዩ የሌላ አገር ዜግነት ወስዷል። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሆነውን ቢጫ ካርድ ቢይዝም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መምረጥም መመረጥም አይችልም። ምክሩን ስሙት፣ ዘመድ ነው። የምርጫ ካርዳችሁን ግን አትስጡት!

ለእሱ ይህን ያህል ጆሮ ስንሰጥ የረሳናት አለች። ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ጅቡቲ ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ዛሬም ኢትዮጵያዊት ናት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 የሞላ ኢትዮጵያዊ ይመርጣል ሲል እሷንም ጨምሮ ነው። የምርጫ ሕጉ ግን በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን ስለሚጠይቅ ከመዝገቡ ውጭ ቀርታለች። «አገር ውስጥ የሌለ ሰው ውሳኔው አይነካውም» አትበሉኝ። በ2006 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ ሲታገድ፣ ኋላም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲጸድቅ፣ ከማንም በፊት የነካው እሷን ነበር። ማን ጠየቃት?

ርቆ የሚኖር አይመርጥም የሚል ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ሐረርን ይይ። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የሆኑትን 14ቱን፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። በ2013 ምርጫ ቦርድ አይሆንም ብሎ ነገሩ እስከ ሰበር ችሎት ደረሰ፤ ሐረሪዎች ተከራክረው መብታቸውን አስከበሩ። እርግጥ ያ ምርጫ አገር ውስጥ ነው፤ ድንበር ሲሻገር ሥራው ይከብዳል። የእህታችን ፓስፖርት አሠሪዋ እጅ ነው፤ የዕረፍት ቀኗንም የምትወስነው እሷ አይደለችም። ኤምባሲ ሄዳ ትምረጥ ቢባልም፣ ኤምባሲ የመንግሥት ቤት ስለሆነ ድምፄ ይሰረቃል ብሎ መስጋት ተገቢ ነው። እንግዲያው ሣጥኑ በምርጫ ቦርድ ሰዎች እጅ ይሁን፤ የፓርቲ ወኪሎች አጠገቡ ይቀመጡ፤ ከምትቀርበን ከጅቡቲ ይጀመር።

እኛ ግን ይህን ጠይቀን አናውቅም። እሷ የላከችው ብር ኪራይ ሲከፍል፣ ታናናሾቿን ሲያስተምር እያየን፣ መብቷ ሲነሳ ዝም እንላለን። ያሳፍራል። ድሬ ፓርላማ የምትልከው ሁለት ሰው ነው። እጩዎቹ ለቅስቀሳ ከዚራም ሆነ መጋላ ሲመጡ የልጆቻችሁን ነገር አንሡባቸው፤ ምን ዓይነት የሕግ ማሻሻያ እንደሚያቀርቡ በሕዝብ ፊት ሳይናገሩ አትልቀቋቸው።